ዝም ብለን የወረድነው ውሃ

ጥቅምት 3

ሱቅ ዋልኩ። ሌንስ መሞረድ፣ ፍሬም ማጥበቅ፣ መነጽሯ ላይ ተቀምጣበት "ራሱ ነው የተሰበረው" የምትል ደንበኛ ማባበል። ከሰዓት በኋላ ጋሼ መጣ። ለራሴ ስጽፍም ጋሼ ነው የምለው፤ በስሙ ብጠራው ጥፊ የሚያቀምሰኝ ይመስለኛል። አናጢ ነው። እኔን፣ ነርሷንና ቀጮን ካያክ፣ በአንድ ሰው ጀልባ ወንዝ መውረድን፣ ያስተማረን እሱ ነው። (ቀጮ ባለታክሲው ነው። ቀጮ ያልነው የተቀመጠበትን ወንበር ሁሉ ስለሚሰብር ነው።)

የማንበቢያ መነጽር ፈልጌ ነው አለ። አስቀመጥኩት። ፊት ለፊት እያየ ጣቴን ከግራ በኩል ቀስ አድርጌ አመጣሁ። አፍንጫው አጠገብ እስክትደርስ አላያትም…

ለካ ያውቃል። ሐኪም ጋ ሄዷል። የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም ብለውታል። እጄን ያዘኝ። "በሞቴ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ይቺን አንድ ጉዞ ብቻ። ከዚያ ራሴ እነግራቸዋለሁ።"

በሞቴ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? እሺ አልኩ።

ጥቅምት 5

ለነርሷ ልንገራት? ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ውሃው ላይ ከአጠገቡ አልለይም፣ አለቀ። እንዲህ እያልኩ ራሴን ስሸነግል ዋልኩ።

ጥቅምት 9

ወንዙ ጋ ደረስን። ቀጮ ነው የነዳው። ወትሮ ጋሼ መሪ ለማንም አይሰጥም፤ ዛሬ ሳይባል ኋላ ወንበር ገባ። ቀጮም ትንፍሽ አላለም። ነርሷ ደግሞ የጋሼን የላይፍ ጃኬት ማሰሪያ ደጋግማ ትፈትሻለች። ምን ነካት ዛሬ?

ውሃው ሞልቷል። ቀጮ ጀልባው ውስጥ ሲታገል ነርሷ፣ ጀልባዋ አዝናልህ ነው እንጂ አትችልህም ነበር አለችው። ሳቅን። ጋሼም ሳቀ። እኔ በግራው በኩል ሄጄ ቆምኩ።

ጥቅምት 10

መጻፍ አልፈልግም። ግን ልጻፈው።

ሥርዓታችን እንዲህ ነው። ነጩ ውሃ ጋ፣ ወንዙ ከድንጋይ እየተላተመ አረፋ የሚደፍቅበት ጋ ስንደርስ፣ ጋሼ ከጀልባው ወርዶ ድንጋይ ላይ ይቆማል፣ ያያል፣ መንገዱን ይናገራል። እሱ ከተናገረ ማንም አፉን አይከፍትም። ሁለት አፍ ሰው ያሰምጣል ይላል። ቀድሞ እሱ ይወርዳል፣ እኛ እንከተላለን። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን፤ አንድም ቀን አልተሳሳተም።

የመጀመሪያዎቹን በሰላም አለፍን። ትልቁ ነጭ ውሃ ጋ ስንደርስ ቆሞ አየና "በግራ" አለ።

በግራ በኩል ግንድ ወድቋል። ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው። አየሁት። ነርሷን ዞር ብዬ አየኋት፣ ዓይኗ ግንዱ ላይ ነው። የቀጮም። ማንም አልተናገረም። ምናልባት ከግንዱ በፊት ይታጠፍ ይሆናል… ምናልባት እኛ የማናውቀው ነገር ይኖረዋል… "ጋሼ" ልል አፌን ከፈትኩ። ሰው ፊት ላዋርደው? መልሼ ዘጋሁት።

ቀጥ ብሎ ገባበት። ጀልባው ግንዱ ሥር ተሸጎጠ። ሄልሜቱ ታየ፣ ጠፋ፣ ታየ፣ ጠፋ። ቀጮ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ገባ። ያ ሁሌ የምንስቅበት ክብደቱ ነው ውሃውን የቻለው። ገመዱን ከዛፍ ጋር አዙሬ ያዝኩ። ጎትቶ ሲያወጣው ጋሼ አይተነፍስም ነበር። ነርሷ አፉ ላይ ተደፍታ ስትነፋ፣ ስትነፋ… አሳለው። ክንዱ ተሰብሯል።

እኔ ያን ሁሉ ጊዜ በስሙ እየጠራሁ ስጮህ ነበር አሉ። ምንም አላስታውስም።

ጥቅምት 11

ሆስፒታል፣ ኮሪደሩ ላይ። እትዬ፣ የጋሼ ሚስት፣ መጣች። እሱ እንዴት ግንድ አያይም? ብላ ትጠይቃለች። አንዴ እኔን፣ አንዴ ነርሷን። አልቻልኩም። ዓይኑ እኮ… አልኩ።

ነርሷ ቀና አለች። "አንቺም ታውቂያለሽ?"

የዓይኑን ጠብታ የምታመጣለት እሷ ናት። ሐኪም ቤት የሚያመላልሰው ቀጮ ነው። ሦስታችንንም ለየብቻ በሞቴ ብሎናል። ወይ ጉድ… አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ነገር እያንዳንዳችን ምስጢር ነው ብለን ታቅፈን ቁጭ!

እትዬ ብትሰድበን ይሻለኝ ነበር። "እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅሁት?" አለች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገብታ በሩን ዘጋችው።

ጥቅምት 14

አስገቡን። አልጋው ግርጌ እንደ አጥፊ ተማሪ ተሰለፍን። ይቅርታ አልን። ጋሼ ፊቱን ወደ ጣሪያው አዞረ።

"እኔስ ለመንኩ" አለ። "ፈርቼ ነው የለመንኩት። ከውሃው ከወጣሁ ምን ቀረኝ ብዬ። እናንተ ግንዱን እያያችሁ ምን ሆናችሁ ነው ዝም ያላችሁ?"

ቀጮ፣ አክብረንህ ነው ሊል ጀመረ። ጋሼ ደህናውን እጁን አነሳ። ሂዱ አለን። ሄድን።

ኅዳር 6

ስልክ አያነሳም። እትዬ ተኝቷል ትላለች። ቀኑን ሙሉ እንዴት ይተኛል ሰው? ዛሬ የደንበኛ ሌንስ ሰበርኩ። ናፈቀኝ። አፍራለሁም።

ታኅሣሥ 12

ጋሼ ራሱ ሱቅ ደወለልኝ! እሁድ ውሃ ትወርዳላችሁ? አለ። ከእንግዲህ ያለ አንተ አንወርድም አልኩት። እንዴ፣ ቀበራችሁኝ እንዴ? አለና ሰዓቱን ነግሮኝ ዘጋው። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እያለ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 18

ሄድን። እጁ ከጄሶ ወጥቷል፣ ግን ጀልባ አላመጣም። በእግሩ ነው የመጣው፣ በወንዙ ዳር ዳር። ትልቁ ጋ ስንደርስ ሦስታችንም ድንጋዩ ላይ ወጥተን ቆምን። ከልማድ የተነሳ የእሱን አፍ መጠበቅ ጀመርን።

"እኔን ምን ታያላችሁ? አይታየኝም። ንገሩኝ።"

በሁላችን ፊት ሲለው የመጀመሪያው ነው።

ቀጮ በቀኝ ጠበብ ያለ መንገድ አለ አለ። ነርሷ ከሥሩ ድንጋይ አለበት አለች። የለበትም፣ አለበት… ተጨቃጨቁ። እዚያ ድንጋይ ላይ ተጨቃጭቀን አናውቅም። ከዚያ ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። አንቺስ?

"ፈርቻለሁ" አልኩ። "ዛሬ አልወርድም።"

የሚስቅብኝ ጠበቅሁ። ማንም አልሳቀም። ቀጮ ጀልባውን ተሸከመ፣ ነርሷም ተሸከመች፣ በእግር መንገዱ ዞረን ወረድን። ቁልቁለት ነው፣ ጠጠሩ ያንሸራትታል። ጋሼ ትከሻዬን ያዘ። በሕይወቱ ሰው ተደግፎ አያውቅም።

"ድንጋይ አለ" አልኩት።

"አየሁት።"

"አላየኸውም ጋሼ።"

ቆመ። በእግሩ ዳበሰው።

"እሺ" አለ። "አላየሁትም።"