የያይዙን ጀልባዎች በእጃቸው ሠርተው ያቆዩልን ወይዘሮ ኪኑዌ ሞቺዙኪ

ወይዘሮ ኪኑዌ ሞቺዙኪ ከአባታቸው ከአቶ ጌንኪቺ ማሱዳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቶዋ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1938 በሺዙኦካ ግዛት፣ በያይዙ የዓሣ አጥማጆች ወደብ ተወለዱ። አባታቸው የእንጨት ጀልባ አናጢ ነበሩ። እናታቸው ደግሞ ዓሣ በጢስ በሚደርቅበት ቤት ይሠሩ ስለነበር፣ ወይዘሮ ኪኑዌ ልጅነታቸውን ሲያወሱ "እኔ ግማሹ ጎኔ ፍቅፋቂ፣ ግማሹ ጎኔ ጢስ ጢስ ይሸት ነበር" ይሉ ነበር።

ከቤቱ ልጆች ሁሉ የአባታቸው መሮ የማረከው እሳቸውን ነው። በዚያ ዘመን ግን ሴት ያላለቀ ጀልባ ላይ ከወጣች ባሕሩ ይቀየማል ስለሚባል፣ የመሥሪያውን አጥር ማለፍ አይፈቀድላቸውም ነበር። አባታቸው የጥድ ቁርጥራጭ በአጥሩ ሥር ያቀብሏቸዋል፤ እሳቸውም ውጭ ተቀምጠው ትንንሽ ጀልባ ይጠርባሉ። ሲጨርሱ መልሰው በአጥሩ ሥር ያስገባሉ። አባታቸው ልጅ ናት ብለው አይራሩላቸውም። "የዚህችኛዋ ሆዷ ጠቧል። ዓሣውን የት ልታስገቢው ነው?" ብለው ይመልሱላቸዋል። ልጅቱም ቁጭ ብላ እንደገና ትጠርባለች።

አንደኛና መካከለኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በያይዙ ካጠናቀቁ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በሺዙኦካ ከተማ የእንጨት ሞዴል፣ ማለትም የእውነተኛ ዕቃ ትንሽ አምሳያ፣ በሚያመርት አነስተኛ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። ሥራቸው ሳጥን ማሸግ ነበር። እሳቸው ግን በምሳ ሰዓት ወደ ቆራጮቹ ጠረጴዛ እየሄዱ ሲመለከቱ ቆይተው፣ በመጨረሻ ራሳቸው ጠይቀው ወደ ቆራጭነት ተዛወሩ፤ በዚያ ቤት ከቆራጮች ጋር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ፕላስቲክ መጣ። አሮጌዎቹ ባለሙያዎች አዲሱን ሞዴል ገልበጥ አድርገው አይተው "ይሄን ማን ሠራው ይባላል? ማሽኑ?" ብለው ሳቁበት። መሥሪያ ቤቱም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ወይዘሮ ኪኑዌ በእንጨት ያደጉ ቢሆኑም፣ አንድ የፕላስቲክ አውሮፕላን ወደ ቤታቸው ወስደው ገጣጠሙት፤ በክንፉ ላይ የተደረደሩትን የምስማር ራሶች በጣታቸው እየዳሰሱም "ይሄንንማ በመሮ አላወጣውም" ብለው አመኑ።

በዚያው ዘመን ሞዴሎችን በሞተር ብስክሌት ለሱቆች ከሚያከፋፍሉት ከአቶ ታትሱኦ ሞቺዙኪ ጋር ተዋወቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1963ም ተጋቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባልና ሚስት በያይዙ ባቡር ጣቢያ አጠገብ "ሞቺዙኪ ሞዴል" የተባለውን ሱቃቸውን ከፈቱ። በ1966 ሴት ልጃቸው ሚቺዮ፣ በ1969 ደግሞ ወንድ ልጃቸው ኖቡዩኪ ተወለዱ።

ዛሬ ልንሰናበታቸው በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት ጸጉራችሁ የሸበተው ብዙዎቻችሁ ያንን ሱቅ ከእኔ ከወንድማቸው ልጅ በላይ ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ቦርሳችሁን ደጃፉ ላይ ከምራችሁ ትጋፉ ነበር። አቶ ታትሱኦ የታንክና የአውሮፕላን ሞዴል ሳጥን ያወርዳሉ፣ ወይዘሮ ኪኑዌ ደግሞ ገጣጥማችሁ ያመጣችሁትን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ይመረምራሉ። ማጣበቂያው ሳይደርቅ ቀለም የቀባውን ልጅ "ክንፉ እየተንቀጠቀጠ የሚነሣ አብራሪ አይቼ አላውቅም" ይሉታል። ልጁም "እትዬ፣ እናቴ ቶሎ ጨርስ ብላኝ እኮ ነው" ሲል፣ "እንግዲያው እናትህን አስገባና አብርራት" ብለው ያስቁበታል። ከሳቁ በኋላ ግን ክንፉን ነቅለው፣ ብርጭቆ ወረቀት በእጁ አስይዘው፣ እስኪስተካከል አብረውት ይቀመጣሉ። ተሰብሮበት የመጣን ልጅ አፍሮ እንዲሄድ አድርገው አያውቁም።

እ.ኤ.አ. በ1979 አቶ ታትሱኦ በድንገተኛ የልብ ሕመም ዐረፉ። በሃይማኖታችን ሥርዓት ከሚደረገው የአርባ ዘጠነኛው ቀን ጸሎት በኋላ የሟቹ ታላቅ ወንድም አቶ ዮሺዞ ለወይዘሮ ኪኑዌ አስበው ሱቁ እንዲሸጥ መከሩ። "ኪኑዌ፣ ሴት ልጅ ስለ ታንክ ምን ታውቃለች?" አሏቸው። ወይዘሮ ኪኑዌም ሻይ እየቀዱላቸው "ታንክ ነድቼ አላውቅም፤ ወንድም ጋሼም የነዱ አይመስለኝም" ሲሉ መለሱ። አቶ ዮሺዞ ሳቃቸው አምልጧቸው ሻዩን ደፉት፤ ከዚያ ወዲያም በየዓመቱ መጨረሻ መደርደሪያ እያጠቡ የሚያግዟቸው እሳቸው ሆኑ። ወይዘሮ ኪኑዌ ሁለቱን ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳድገው፣ ሚቺዮን ለማሽን ነዳፊነት፣ ኖቡዩኪን ለመንግሥት ሠራተኝነት አበቁ።

እ.ኤ.አ. በ1991 በክረምቱ ማዕበል ሺራናሚ ማሩ የተባለው የያይዙ ጀልባ ከነሠራተኞቹ ጠፍቶ ቀረ። በዚያ ጀልባ ላይ ልጃቸውን ያጡት ወይዘሮ ፉሚ ሶኔ፣ በሰባዎቹ ዕድሜ የሚገኙ እናት፣ አንድ ቀን ወደ ሱቁ ገቡና "ልጄ፣ የልጄ ጀልባ አለሽ?" ብለው ጠየቁ።

"እማማ፣ እኔ ጋ ያለው ፋብሪካ የሚያመርተው ነው። የጦር መርከብ ከሆነ ሞልቷል፤ የዓሣ ጀልባ ግን የሚያመርት የለም" አሏቸው።

"የኔ ልጅ ከማንም ጋር ተዋግቶ አያውቅም" አሉ ወይዘሮ ፉሚ፤ ይህን ብለውም ወደ በሩ ዞሩ።

ወይዘሮ ኪኑዌ ከጠረጴዛቸው ጀርባ ወጥተው "እስቲ ይቀመጡ። ፎቶ አለዎት?" አሏቸው።

የነበረው አንድ የደበዘዘ ፎቶ ነው። የጀልባው ንድፍ አልተገኘም። ወይዘሮ ኪኑዌ ሱቃቸውን በጠዋት እየዘጉ ወደቡ ላይ ከሚውሉ ዓሣ አጥማጆች ዘንድ ይሄዱ ጀመር። የሠሩትን ይዘው ይሄዳሉ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ያርሟቸዋል። አንዱ "ጎማው የሚንጠለጠለው በግራ በኩል ነው" ይላል። ሌላው "ቀለሙ እንዲህ አያበራም ነበር፤ ጨው በልቶታል" ይላል። እሳቸውም ሳይከራከሩ ያፈርሱና እንደገና ይሠራሉ። ከልጃቸው ከሚቺዮ እንደሰማነው፣ በዚያን ጊዜ እናቷ ወደ ቤት ሲመለሱ ደክሟቸው ሳለ ፊታቸው የበራ ነበር፤ ከአባታቸው አጥር ውጭ ከተቀመጡበት ጊዜ ወዲህ ሙሉ ጀልባ ከእንጨት ሲሠሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነውና።

ሥራው ሲያልቅ በጨርቅ ጠቅልለው ወይዘሮ ፉሚ ቤት ወሰዱት። ወይዘሮ ፉሚ ጨርቁን ገለጡ። በጀልባው የኋላ ጫፍ፣ የማጥመጃው ገመድ ከሚጠቀለልበት ማንከባለያ ጎን ጣታቸውን አሳርፈው "እዚህ ጋ ቆሞ ነበር እጁን የሚያወዛውዝልኝ" አሉ። ሁለቱ ሴቶች ጀልባውን መሐል አድርገው ሻይ ጠጡ።

ወሬው በወደቡ ተሰማ። መጀመሪያ የመጡት በዚያው ጀልባ ልጆቻቸውንና ባሎቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች ናቸው። ቀጥሎ ጀልባቸው አርጅቶ ሊፈርስ የደረሰባቸው ካፒቴኖች መጡ። ወይዘሮ ኪኑዌ ከማፍረሻው ቀድመው ደርሰው፣ ሜትር ይዘው ጀልባው ላይ ይወጣሉ። ሴት ጀልባ ላይ ወጣች ብሎ የሚያጉረመርም አሮጌ መርከበኛ ሲያጋጥማቸው "ነገ ለሚፈርስ ጀልባ ባሕሩ ምን አስጨነቀው?" ይሉት ነበር።

የሱቁ ገበያ ግን እየቀዘቀዘ ሄደ። ልጆች በቴሌቪዥን ጨዋታ ተያዙ፤ ከዚያ በአውራ ጎዳናው ዳር ትልልቅ መደብሮች ተከፈቱ፤ ከዚያም ሰው በስልኩ አዝዞ ደጁ ድረስ የሚቀበልበት ዘመን መጣ። በከተማችን የነበሩት የሞዴል ሱቆች አንድ በአንድ ተዘጉ። በወንዙ ማዶ የነበሩት የዘመናት ተፎካካሪያቸው አቶ ኦዜኪ ሱቃቸውን ሲዘጉ የቀለም መደርደሪያቸውን በመኪና ጭነው አመጡላቸው። "ያንቺ ሲዘጋስ ለማን ትሰጪዋለሽ?" ብለው ሲጠይቋቸው፣ "እስቲ መጀመሪያ ይዘጋ" ነበር መልሳቸው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ግን እሳቸውም ደከሙ። ልጃቸው ኖቡዩኪ ከናጎያ መጥቶ "እማዬ፣ ደንበኛሽ እኮ አርጅቷል" አላቸው። "አብረን ነው ያረጀነው" አሉት፤ ቢሆንም ሱቁ በዓመቱ መጨረሻ እንደሚዘጋ የሚገልጽ ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፉ። ማስታወቂያውን ያዩ የቀድሞ ደንበኞች እያዘኑ መጡ። ከሩቅ ከተማ ደግሞ ከገበያ የጠፋ አሮጌ የሞዴል ሳጥን አፈላላጊዎች መጡ። አንዱን ሰው ወይዘሮ ኪኑዌ "ትገጣጥመዋለህ ወይስ ትሸጠዋለህ?" ብለው ጠየቁት። ሰውየው "እሱ የኔ ጉዳይ ነው" አለ። "እንግዲያው ሳጥኑም የኔ ጉዳይ ነው" ብለው ወደ መደርደሪያው መለሱት።

በዚያው ወቅት ሚቺዮ ከሃማማትሱ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ሥራዋን ለቅቃ፣ ኮምፒውተርና ስስ ንብርብር እየደራረበ ዕቃ የሚሠራ ስሪዲ ፕሪንተር በመኪናዋ ጭና ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። ማሽኑን ሱቁ ውስጥ ስትተክል ወይዘሮ ኪኑዌ ክንዳቸውን አጣምረው ቆሙ።

"እሱ የሚያወጣውን ማን ሠራው ይባላል? ማሽኑ?" አሉ።

"እማዬ፣ ፕላስቲክ ሲመጣ የመሥሪያ ቤትሽ ሽማግሌዎች እንደዚያ አሉ ብለሽ የሳቅሽባቸው አንቺ ነሽ" አለቻቸው ሚቺዮ።

ወይዘሮ ኪኑዌ ማሽኑ ለሙከራ ያወጣውን የጀልባ ገመድ ማንከባለያ አንሥተው በጥፍራቸው ዳሰሱት። "እንደ ሽንኩርት ተደራርቧል። በይ ብርጭቆ ወረቀት አምጪ" አሉ። እናትና ልጅ ያን ቀን ምሳ ሳይበሉ እስከ ማታ አብረው ሲፍቁ ዋሉ። በማግስቱ ወይዘሮ ኪኑዌ ማስታወቂያውን ከበሩ አንሥተው በጀርባው እሑድ እሑድ የሚሰጥ የሞዴል ሥራ ትምህርት ሰዓት ጻፉበትና መልሰው ለጠፉት።

ሱቁ ዱሮ የነበረውን አልሆነም፤ እንደዚያ ነው ብንል ወይዘሮ ኪኑዌ ራሳቸው ይቆጡናል። የመደርደሪያው ግማሽ ተነሥቶ በቦታው ጠረጴዛና የቀለም መርጫ ገባ። ሳጥን ገዝቶ የሚሄደው ቀነሰ፤ ቁጭ ብሎ የሚሠራው በዛ። ጡረታ የወጡ ካፒቴኖች፣ ነርሶች፣ ከአያቶቻቸው ጋር የሚመጡ ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ወይዘሮ ኪኑዌ የጠረቧቸውን ጀልባዎች ሚቺዮ በኮምፒውተር እየነደፈች፣ ማንም ሊገጣጥመው የሚችል ሞዴል አድርጋ በጥቂት በጥቂቱ ማውጣት ጀመረች። ትልቁ ፋብሪካ የማያስበው የዓሣ ጀልባ ከሆካይዶና ከታይዋን ወደቦች ሳይቀር ፈላጊ አገኘ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ወይዘሮ ኪኑዌ በዘመናቸው የሠሯቸው ጀልባዎች ከየቤቱ ተሰብስበው በወደቡ አዳራሽ ለሦስት ቀን ለሕዝብ ታዩ። ሱቁ ይዘጋ ባይ የነበረው ኖቡዩኪ ሦስቱንም ቀን በር ላይ ቆሞ እንግዳ ሲያስገባ ሰነበተ። አንድ ጋዜጠኛ የሞዴል ሱቅ ዘመን አብቅቷል ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው ወይዘሮ ኪኑዌ እንዲህ አሉ፦ "ሱቅ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ሰው ግን የሚወደውን ነገር በእጁ አሳንሶ ሠርቶ፣ ጎንበስ ብሎ ማየት አይተውም። እኛ ጠረጴዛውን አናንሣበት።"

እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በልብ ድካም ሲታመሙ ቆይተው፣ በሐኪምና በልጆቻቸው እንክብካቤ ሲረዱ ሰንብተዋል። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ መሮውን ትተው ብርጭቆ ወረቀት ያዙ፤ ያም ሲከብዳቸው ተማሪዎቻቸው የሠሩትን አልጋቸው ድረስ እያስመጡ ያርሙ ነበር። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2025 በተወለዱ በ86 ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተገኙበት በሰላም ዐረፉ።

ወይዘሮ ኪኑዌ የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው አቶ ኪሳኩ ማሱዳ፣ ማለትም የኔ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አባት፣ በሕይወት አሉ። ሞቺዙኪ ሞዴል ከሐዘኑ ቀናት በኋላ እንደ ወትሮው እሑድ ይከፈታል።

ቤተሰቡ አንድ ጥያቄ አለው። ወይዘሮ ኪኑዌ ሲያርፉ ሳይጨርሱት የቀሩት ሞዴል፣ ዱሮ ከዚህ ወደብ ይወጣ የነበረው ኢሶካዜ ማሩ የተባለ ጀልባ ነው። አካሉ አልቋል፤ የመሪው ክፍል ውስጠኛ ግድግዳ ቀለሙ ምን እንደነበረ ግን ሳይታወቅ ቀርቷል። እሳቸው ሳያረጋግጡ መቀባት አይወዱም ነበርና፣ በዚያ ጀልባ የሠራችሁ አባቶች ካላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ለሚቺዮ ንገሯት። አረንጓዴ ነው የሚሉም፣ ነጭ ነው የሚሉም አሉ።

መሐሪው ቡድሃ ነፍሳቸውን በብርሃን ምድሩ ተቀብሎ ከአቶ ታትሱኦ ጎን ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውና ለሁላችንም መጽናናትን፣ ለእጃችንም ትዕግሥትን ይስጠን።