የጋሽ ጉተማ ካቻቪቴ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የአዳማ ሙቀት ዛሬ አይጣል ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ሪሞትና አንድ ስቶቭ ጠገንኩ፣ በቃ። ከሰዓት ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ጋሽ ጉተማ! ሙያውን ያስተማረኝ ሰውዬ። ከቡልቡላ በሚኒባስ፣ ጀርባው ያበጠ የድሮ ቲቪውን አሸክሞ።

«አካም ጅርታ መሳይ? ዓይኔ እምቢ አለኝ። ከአንተ ሌላ ለማን እሰጣለሁ?»

ስቄ ተቀበልኩት።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ብልሽቱን በአሥር ደቂቃ አገኘሁት። የተሰነጠቀ ስታኞ፣ ሽቦ የሚበየድበት እርሳስ። ደውዬ ግን «ከባድ ነው ጋሼ፣ ቅዳሜ ይምጡና አብረን እንየው» አልኩት። ለምን ዋሸሁ? አውቃለሁ ለምን።

ጋሼ ሱቅ ሙያ ስማር አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከሶኬት የተነቀለ ቲቪ ቱቦው ውስጥ ኮረንቲ እንደሚይዝ ማን ነገረኝ? «ያችን ቱቦው ላይ ያለች የጎማ ቆብ አንሳ» አለኝ ጋሼ፣ ደንበኞቹን በዓይኑ ጠቅሶ። ኮረንቲው ወርውሮ ከቆርቆሮው ጋር አላተመኝ። እኔ ስደማ ሱቁ በሳቅ... «አሁን አትረሳትም!» አልረሳሁም። ትንሿ ጣቴ እስከ ዛሬ አትታጠፍም። ኮረንቲውን የሚያራግፍበት ካቻቪቴ፣ ሽቦ የታሰረበት፣ መሳቢያው ውስጥ ነበር። ያሳየኝ በማግስቱ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሳይመጣ ስታኞውን ሞላሁ። ቲቪውን አብርቼ ነቀልኩት። ቱቦው ኮረንቲ እንደጠገበ ጋሼ ገባ።

«ጋሼ፣ ይቺ ጣቴ አልታጠፍ አለችኝ... ቆቡን ያንሱልኝ?»

እጁን ዘርግቶ ጠየቀኝ፦ «አራግፈኸዋል?»

«አዎ።»

አመነኝ።

ጮኸ። ከነወንበሩ ወደቀ። ሽማግሌ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። እኔስ? ሳቅሁ። ለራሴ አልዋሽም፣ ሳቅሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

የጋሼ ልጅ ዱሬቲ ደወለች። እጁ መንቀጥቀጥ አልተወም። ማብሪያ ማጥፊያ እንኳ አይነካም፣ «መብራት አብሩልኝ» ይላል አለች። ከዚያ እሱ ስልኩን ተቀበላት።

«መሳይ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። አሮጌ ቱቦ አንዳንዴ ከተራገፈም በኋላ መልሶ ይይዛል። ይሄን ሳላስተምርህ ቀረሁ። አንተን እንዳይመታህ ልጄ!»

እውነቱን ነው፣ ይይዛል። ይሄኛው ግን...

«እሺ ጋሼ» አልኩት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

የቡልቡላ ሚኒባስ ሾፌር በጋዜጣ የተጠቀለለ ዕቃ ሰጠኝ። ካቻቪቴዋ! ሽቦዋ አዲስ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ እንደጠመጠመው ያስታውቃል። የዱሬቲ ወረቀት አብሮ አለ፦ «አባቴ ቲቪውን አልፈልግም ብሏል። በዚች ሳታራግፍ ምንም እንዳትነካ ብሎሃል።»

ቲቪው ጥርት አድርጎ ያሳያል። የሚወስደው የለም።

ከሰዓት አንድ ደንበኛ የድሮ ቲቪ አመጣ። ክዳኑን ፈታሁ። ካቻቪቴዋን አነሳሁ... መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኳት። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩና «ይሄን አልሠራም» ብዬ ሸኘሁት።