ሽሮ እንዳይጓጉል

ልጄ ታዘበው፣ የመርጡለ ማርያሟ እመቤት ከባሕር ማዶው ብርድ ትሸሽግህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ቢቸና ዝናቡ መልካም ነው፣ ላሟም ወልዳለች።

«ሽሮው ጓጎለብኝ፤ ጾሜን አደርኩ» ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅ ሳለህ ወጥ ላማስል ስትል አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ወንድ ማጀት አይገባም» ብሎ ማማሰያውን ሲቀማህ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ዝም አልልም። ዱቄቱን ከፈላ ውኃ ላይ አትነስንስ። አስቀድመህ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው፣ ከዚያ ከተቁላላው ሽንኩርት ላይ እያማሰልህ አፍስሰው፤ እስኪንተከተክ አትለየው።

ጎረቤቴ ስንቄ «የኮሌጅ ተማሪውን ወጥ ሠሪ ልታደርጊው ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። «ጠግቦ ይማር» አልኳት።

ሌላ ሽሮ ልኬአለሁ፤ ከጓደኞችህ ጋር ብላው። እመቤቴ ትዳርና ልጆች ትስጥህ። ወንዱንም ማማሰያ እንዳትቀማው፣ አደራ።

እናትህ ወለተ ኢየሱስ