ክሌም ያልጠፋበት ቀን

ለታላቅ እህቴ፤

ከአሥራ አንድ ዓመት ዝምታ በኋላ «ጤናሽ እንዴት ነው?» ብሎ መጀመር ያሳፍራል። ግን ሌላ መጀመሪያ አጣሁ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደረጃ መውጣት ቻልሽ? ልጅሽ ለገና በየዓመቱ ካርድ ስለምትልክልኝ ወሬሽን ከሷ እሰማለሁ። ባሕሩ አጠገብ ስለሆንሽ ሙቀቱ እንደኛ አይጠብስሽም ብዬ እጽናናለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ስልሽ፣ ቆሜ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ ማለቴ ነው።

ክሌም በሕይወት አለ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ቀሪውን በስጋት እንዳታነቢው ነው። በዜና ሰምተሽ ይሆናል፤ «በበረሃ የጠፋው የስልሳ ዘጠኝ ዓመት ወርቅ ፈላጊ» ያሉት እሱን፣ ባሌን ነው። ዜናው ያላወራውን ከኔ ስሚ።

ብርዱ ሲገባ ካራቫናችንን፣ ያቺን ተጎታች ቤታችንን፣ በመኪና ጎትተን ወርቅ ፍለጋ እንደምንወጣ ታውቂያለሽ። መስከረም ሳይጋመስ ደግሞ እንመለሳለን፤ ከዚያ ወዲያ ያ አገር ሰው ይገድላል። ሕጉ የክሌም የራሱ ነው። ሌሎቹንም ሕጎች በነጭ ቀለም የምግብ ሳጥናችን ክዳን ላይ ጽፏቸዋል፦ ሬዲዮ ሳይያዝ አይወጣም። የአደጋ መጥሪያዋ ከቀበቶ አትለይም። የድሮ የወርቅ ጉድጓድ አፍ ላይ አይቆምም። ሰው ቢጠፋ ከሰፈር ተነስቶ በዘፈቀደ የሚፈልግ የለም። አዲስ ሰው አብሮን ከሰፈረ ሻይ ከመቅዳቱ በፊት እነዚህን ያስነብበዋል።

ዘንድሮ ግን መስከረም ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው «ሦስት ቀን ብቻ እንጨምር» አለ። የድሮ የማዕድን ጓደኛው ኔቪል አብሮን ነበር፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ክረምቱን ከኛ ጋር ነው የሚያሳልፈው። እሱም «ክሌም ወርቅ ሸቶታል፣ ተይው» አለኝ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩበትን ምክንያት ኋላ እነግርሻለሁ።

በማግስቱ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት የወርቅ መፈለጊያ ማሽኑን አንግቶ፣ ሁለት ሊትር ውሃ ይዞ ወጣ። «ለአራት ሰዓት ሻይ እደርሳለሁ» አለኝ። አራት ሰዓት ሆነ። አራት ተኩል ሆነ። ኔቪል በሌላ በኩል ሲፈልግ ቆይቶ ባዶ እጁን ተመልሶ ነበርና ዳቦ እየቆረሰ «አንድ ነገር አግኝቶ ነው እንጂ፣ ሲቆፍር ሰዓት መቼ ያውቃል» አለ። አምስት ሰዓት ላይ በሬዲዮ ጠራሁት። «ክሌም፣ ክሌም፣ ትሰማኛለህ?»

የገዛ ድምፄ ከካራቫኑ ውስጥ ተመልሶ መጣ።

ገባሁ። ሬዲዮው ትራሱ ላይ ነበር። የአደጋ መጥሪያዋ አጠገቡ። ቀበቶውም ተጠቅልሎ አብሮ ተቀምጧል፣ ሰው ሊተኛ ሲል እንደሚያስቀምጠው። ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ።

ኔቪል ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «የመኪናውን ቁልፍ ስጪኝ» አለኝ።

«አልሰጥህም።»

«ሴትዮ፣ አብደሻል? ሰውዬው እኮ እየተጠበሰ ነው!»

«ወዴት እንደሄደ ታውቃለህ? አታውቅም። ዱካውን በጎማ ታጠፋብኛለህ፣ ካልሆነም ጉድጓድ ውስጥ ትገባለህ፤ ያኔ ሁለት ሬሳ ልፈልግ ነው። ክዳኑን አንብብ።»

«ክዳኑ ገደል ይግባ!» ብሎ ጮኸብኝና እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት። «እንግዲህ ና ውሰድ» አልኩት። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው እስከ ጆሮው ቀልቶ ዞሮ ሄደ። ሌላ ቀን ቢሆን እስኪያመኝ በሳቅኩ።

በሳተላይት ስልኩ መሬቷ ላይ እንድንሰፍር ወደፈቀደችልን የከብት እርባታ ባለቤት ደወልኩ። ቃል አላባከነችም። «መጥሪያዋን ተጫኚያት፣ አሁኑኑ። ፖሊስ ጋ እኔ እደውላለሁ። ሠራተኛዬ ሰልዊን የከብቶቹን ውሃ እያየ በዚያ በኩል ነው ያለው፣ እልክልሻለሁ። አንቺ ከዚያ ንቅንቅ እንዳትዪ።» ተጫንኳት። ክሌም «ይቺን የተጫነ ሰው መጠጥ ቤት ውስጥ ዓመት ሙሉ ይሳቅበታል» ይል ነበር። ይሳቁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ሰዓት ምን ብዬ ልንገርሽ? እሳት አነደድንና ጭሱ እንዲወፍር ሙልጋ የሚባለውን የበረሃ ግራር ቅጠል ከነርጥቡ ጨመርንበት። በየአሥር ደቂቃው ጥሩምባ እነፋለሁ፤ ከዚያ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ። ዝንብ ብቻ። ስድስት ሰዓት ላይ ጥላው ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር አርባ ደረሰ። ኔቪል ወዲያ ወዲህ እያለ «አንቺ ነሽ፣ ደሙ ካንቺ ራስ አይወርድም» ይላል። ልክ ባልሆንስ? ክሌም ከዚያ ኮረብታ ጀርባ ወድቆ የጥሩምባዬን ድምፅ እየቆጠረ ቢሆንስ? ቁልፉን ሁለት ጊዜ አውጥቼ ሁለት ጊዜ መለስኩት።

ሰልዊን ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰ። የዚያ መሬት ተወላጅ ነው፤ አባቶቹ እኛ ሳንመጣ በፊት እያንዳንዱን የውሃ ጉድጓድ በስም ያውቁት ነበር። ዕድሜው ከክሌም ብዙ አያንስም። ከመኪናው ወርዶ ሰላም ሳይለን መሬቱን አየ። «ውሃ ስንት ይዟል? ጫማው የቱ ዓይነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ «ሌላ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?» አለ። ኔቪል አጠገባችን ቆሟል።

«የለም» አልኩት።

ኔቪል እሳቱን እንዲጠብቅ ቀረ፤ እኔ ከሰልዊን ጋር ሄድኩ። እሱ አንዳንዴ እየወረደ በእግሩ ይሄዳል፣ እኔ በቀስታ እነዳለሁ። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን የክሌምን ባርኔጣ አየሁት። አንድ የድሮ ጉድጓድ አፍ ላይ ወድቋል።

ከመኪናው ዘልዬ ስወርድ «ቁሚ!» ብሎ ጮኸብኝ። «አፉ ይናዳል። እዚያው ሁኚ፣ አንድ እርምጃ እንዳትጨምሪ።» በሆዱ ተኝቶ ቀስ እያለ ተጠጋ። አፈሩ ከሥሩ እየተሸራረፈ ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ ጠጠሩ ታች እስኪደርስ ብዙ ይቆያል። ሰልዊን ከኪሱ የመላጫ መስታወት አወጣ። የፀሐይዋን ብርሃን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ላከው። መስታወቱን አዞረ። እንደገና አዞረ። እኔ የልጅነት ጸሎቴን ጀምሬ መሃሉ ጠፋኝና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

«ካንጋሮ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሞቶ የቆየ።»

ቀይ አፈሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሱ ባርኔጣውን በእንጨት ጎትቶ አመጣልኝ። ንፋስ ወስዶት ነበር።

ትንሽ አለፍ ብሎ ማሽኑ ዛፍ ተደግፎ ቆሞ አገኘነው። አልተዘጋም፤ ቀስ ብሎ ያንጎራጉራል። ሥሩ ትኩስ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። ከዚያ ዱካው ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይሄዳል። ሰልዊን ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየው።

«የጠፋ ሰው ይዞራል» አለኝ። «ጥላ ሲያይ ይታጠፋል፣ ይጠራጠራል፣ ይመለሳል። ይሄ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ነው የሄደው። ያንቺ ሰውዬ አልጠፋም። ቀጠሮ አለበት። በዚህ በኩል ምን አለው?»

ያኔ ገባኝ። «ማሎክ ዌል» አልኩት፣ በወጣትነታችን የነበርንበትን ከተማ። ቀጥሎም ቀድሞ መናገር የነበረብኝን ተናገርኩ። ክሌም መርሳት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። በመጀመሪያ ቁልፍ ማስቀመጫውን ረሳ፤ ቀጥሎ የውሻችንን ስም፤ ዘንድሮ መጋቢት ላይ በገዛ ቤታችን ውስጥ መታጠቢያ ቤቱ ጠፍቶት ኮሪደር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አገኘሁት። ሐኪሙ ወደ በረሃ እንዳልወስደው ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን ወሰድኩት። እዚያ ሲሆን ሙሉ ሰው ነበራ! ድንጋይ አንስቶ ወርቅ ያለበትን ከሌለበት ይለያል፣ ኔቪልን ያስተምራል፣ ይቀልዳል። «ሦስት ቀን ብቻ» ሲለኝ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ሰው ሁሉ ደህና ነው ብሎ የሚያምንባቸው ሦስት ቀናት ነበሩ፤ ልከለክለው አልጨከንኩም።

ሰልዊን አልተቆጣም። «ይህን መጀመሪያ ብትነግሪኝ አንድ ሰዓት እናተርፍ ነበር» አለኝ ብቻ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የፖሊሱ አውሮፕላን ከኋላችን ሰፈሩን እየዞረ ነበር፤ በሬዲዮ ነገራቸውና ዱካውን ትተን በቀጥታ ነዳን።

ከማሎክ ዌል የቀረ ነገር እንደሌለ ሰምተሽ ይሆናል። ያ ሁሉ ሱቅ፣ ያ ሁሉ የዳንስ ምሽት የነበረበት ቦታ አሁን ጠጠርና የዛገ ቆርቆሮ ነው። የሆቴሉ አንድ የድንጋይ ግድግዳ ብቻ ቆሟል። ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ክሌም ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል።

ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ደምቷል። የውሃ ኮዳው አጠገቡ ባዶ ነው፤ ፀጉሩ ግን ርጥብ ነው፣ ወደ ጎን ተበጥሯል። የመጨረሻዋን ውሃ አልጠጣትም፣ እህቴ። ተበጠረባት።

ሲያየኝ እየተንገዳገደ ተነሳ። ሰው እንግዳ ሴት ሲያይ እንደሚያደርገው፣ የሌለውን ባርኔጣ ሊያወልቅ እጁን ወደ ራሱ ሰደደ። «ይቅርታ እመቤቴ» አለኝ፣ «የፖስታው መኪና አለፈ እንዴ?»

ሰልዊን ነው ክንዱን ይዞ ጥላው ውስጥ ያስቀመጠው። «አላለፈም። ቁጭ በል፣ ይቺን ቀስ ብለህ ጠጣ። እኔም እሱኑ ነው የምጠብቀው» አለው። በክዳን ክዳን አጠጣው። ክሌም ሁለት ጊዜ ከዋጠ በኋላ ከኪሱ አንድ ነገር አውጥቶ ለሰልዊን አሳየው፤ የባቄላ ፍሬ የሚያህል፣ አፈሩ ያልለቀቀው ወርቅ። «ቀለበት ይወጣዋል አይደል?» አለው እየሳቀ። «ለሷ ነው። ዛሬ ትመጣለች።» ከዚያ ስሟን ጠራ።

የኔ ስም አልነበረም። ወርቁ አሁን እኔ ዘንድ ነው፤ የኔ ግን አይደለም።

አራት ቀን ሆስፒታል ተኛ። ኩላሊቱ ተጎድቶ ነበር፣ አሁን ተመልሷል። ኔቪል ለሰው ሁሉ «ሙቀቱ ነው ያዞረው» እያለ ያወራል። ለኔም «ቁልፉን ባለመስጠትሽ ልክ ነበርሽ» ብሎኛል፤ ከሱ አፍ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መጥሪያዋን ስለመጫናችን ግን ማንም አልሳቀም። ክሌም ቤት ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። አንዳንድ ቀን ያውቀኛል፤ አንዳንድ ቀን እጁን ስይዘው በትህትና ያስለቅቀኛል።

እህቴ፣ ያን ክረምት አንቺ ከተማ የነርስ ትምህርት ላይ ነበርሽ፣ እኔ ደግሞ የማሎክ ዌሉ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ቅዳሜ በፖስታው መኪና እንደምትመጪ ለክሌም እንድነግረው በስልክ አደራ አልሽኝ። ነገርኩት። በደስታ የበራ ፊቱን ባላይ ኖሮ ምናልባት ሌላ ሰው እሆን ነበር። ዓርብ ማታ መልሼ ደወልኩልሽና ያልኩሽን አልረሳሽውም፤ ወደ ደቡብ ሄዷል፣ ባትደክሚ ይሻላል አልኩሽ።

ቅዳሜ ሙሉ ቀን ድንች ስልጥ ዋልኩ። መስኮቱ ከፊቴ ነበር። ቀና ብዬ ወደ ግድግዳው በኩል አላየሁም። እንዴት ሆኖ እንደጠበቀ ያየሁት ባለፈው ወር ነው።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። ለአርባ አምስት ዓመት ትዳር ምን ብዬ ነው ይቅርታ የምጠይቀው? ደስ ብሎኝ ነው የኖርኩት፤ ይህንንም መዋሸት አልፈልግም። አንቺም አግብተሽ ወልደሻል፣ ኑሮሽ መልካም እንደነበር አውቃለሁ። ግን እሱ አሁን ባለበት ቦታ እኔ የለሁም። አንቺ አለሽ።

አውቶቡሱ ማክሰኞና ቅዳሜ ይገባል። ከመጣሽ ይነሳልሻል፤ እንዳታርሚው፣ ስንተኛ ዓመት ላይ እንደሆነም እንዳትነግሪው። ከኔ ጋር ማውራት ባትፈልጊም ግድ የለም። በሩን ከፍቼ፣ ሻይ አፍልቼ፣ እናንተን ትቼ ጎረቤት እሄዳለሁ።

ጤናሽን፣ ዕድሜሽን፣ የልጅሽንም ደስታ ያበዛልሽ። በምትሄጂበት ሁሉ ጥላና ውሃ አትጪ።

ታናሽ እህትሽ