እናትሽና የምሽጉ ዳገት

ሰኞ ጥዋት፣ ጥቅምት ፲፫ ቀን
ከሶፋ ቤቱ

የምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? የእግርሽ እብጠት ቀነሰ? ባልሽስ ደህና ነው? ሕፃኑ አሁንም ሌሊት ሌሊት ይራገጣል? እኛ ደህና ነን። «ደህና ነን» ስልሽ እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። ባለፈው ስትደውዪ እናትሽ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠብቀሽ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ «አባዬ፣ ያንን ብስክሌት እማዬ ወገቧን ሳትሰበር ሽጠው» ብለሽኝ ነበር። እኔም እሺ ብዬሽ ነበር። አልሸጥኩትም። ለምን እንዳልሸጥኩት ልንገርሽና ከዚያ በኋላ ተቆጪኝ።

እናትሽ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ቤታችን እንዴት እንደነበረ አንቺ አላየሽም። ዕድሜ ልኳን በስልክ እየተጠራች ስታዋልድ የኖረች ሴት፣ ድንገት የሚጠራት ጠፋ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ጫማዋን እያጠለቀች ትነሣለች። የሚደውለው ግን የእኔ ደንበኛ ነው፤ ሶፋው አልቆ እንደሆነ ሊጠይቅ። እሷም ከልማድ የተነሣ «በየስንት ደቂቃው ነው የሚመጣው?» ትለዋለች። ሁለት ደንበኛ በዚህ ምክንያት ሸሽቶኛል።

ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረች። ሶፋ ቤቱ እየመጣች ከጀርባዬ ቆማ «ቀስ በል፣ ጨርቁን አትጎትት፣ ተረጋጋ፣ ሊደርስ ነው» ትለኝ ጀመር። አንዱን ባለሦስት ሰው ሶፋ ሳምንት ሙሉ አማጥኩት። ስለዚህ አንቺ ትተሽው የሄድሽውን ብስክሌት ከዕቃ ቤት አውጥታ አቧራውን ስትጠርግ ባየኋት ጊዜ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ጎማውን የነፋሁት እኔ ነኝ። ኮርቻውንም በሶፋ ስፖንጅ ያለበስኩት እኔው ነኝ፤ በጣም ከማወፈሬ የተነሣ እግሯ ፔዳሉ ላይ አልደርስ ብሎ ግማሹን መልሼ ቀደድኩት። ወድቃ እንደሆነ መጠየቅሽ አይቀርም። አንድ ጊዜ ብቻ ወድቃለች፣ እሱም አትክልት ሻጩ የደረደረው ጥቅል ጎመን ላይ ነው። የተጎዳው ጎመኑ ነው።

የከተማችንን ነገር ታውቂዋለሽ። የጥንት ሰዎች ጠላት እንዳይወጣባቸው ብለው ኮረብታ ላይ ሠሩት፤ ዘመድም ሊወጣው አልቻለም። የብስክሌት ክለብ መኖሩን ግን እኔም አላውቅም ነበር። መሪያቸው ሰዓት ማማው ሥር ያለው ፋርማሲስት ነው። ብስክሌቱ ከእኔ መዶሻ ይቀላል። መሪው ላይ አንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር አለችው፤ ፍጥነቱን፣ የልቡን ምት፣ ዳገቱ ምን ያህል እንደሚያጋድል ትነግረዋለች። ሚስቱ «እኔን ደህና ነሽ ወይ ሳይለኝ እሷን ያማክራል» ትላለች።

በየእሑዱ ከሦስት መንገድ በአንዱ ይሄዳሉ። አንዱ ወንዙን ተከትሎ እስከ አሮጌው ወፍጮ የሚደርሰው ሜዳ ነው። ሌላው የከተማውን ግንብ በውጭ በኩል ይዞራል። ሦስተኛው ከድልድዩ ተነሥቶ በጥርብ ድንጋይ መንገድ እየተጠማዘዘ ምሽጉ በር ድረስ ይወጣል፤ ክፉው ይሄ ነው። ፋርማሲስቱ መንገዶቹን በቁጥር ይጠራቸዋል። እናትሽ ግን ካርታዋ ሌላ ነው፤ ያዋለደችባቸው ቤቶች ናቸው። «ከመንትዮቹ ቤት በኋላ ማርሽ ቀንሱ» ትላለች። «በእግሩ የመጣው ልጅ በር ላይ ጉድጓድ አለ፣ ቀኝ ያዙ።» መጀመሪያ ግራ ገብቷቸው ነበር፤ አሁን ሁሉም እንደሷ ነው የሚጠሩት።

ከክለቡ ሰዎች ግማሹን ያዋለደቻቸው እሷ ስለሆነች ልትቀድማቸው ስትል የሚከራከራት የለም። ፋርማሲስቱ አንድ ቀን «ሲስተር፣ ተራዎን ይጠብቁ» ብሎ ሞክሯት ነበር።

«አንተ ራስህ ተራህን ጠብቀህ ነው የመጣኸው?» አለችው። «በሰባት ወርህ ነው የመጣኸው።»

እኔም አንድ ቀን ያንን ጠባብ ቁምጣ ለብሳ ስትወጣ ባያት «ሰው ምን ይላል?» ብያት ነበር። «ይሄ ሰፈር እንዳለ ራቁቱን ነው እጄ ላይ የመጣው፤ ምን ይለኛል?» ብላኝ ሄደች። ዳገት ላይ ደግሞ የምታሠለጥናቸው በሙያዋ ነው። «አሁን አትግፋ፣ ተንፍስ፣ ጉልበትህን ቆጥብ… አሁን ግፋ» ትላቸዋለች። ይገፋሉ።

ትናንት ዓመታዊው የምሽግ ግልቢያ ነበር። ከድልድዩ እስከ ምሽጉ ድረስ መንገዱ በብረት አጥር ተዘግቶ ዋለ፤ መኪና ዝር አይልም። እኔ ሻይ በቴርሞስና ሙዝ ይዤ መስታወት ቆራጩ ሱቅ ፊት ለፊት፣ መታጠፊያው ላይ ቆምኩ። የዳገቱ ክፉ ቦታ እዚያ ነው። የሒሳብ መምህሩ በየዓመቱ እዚያ ሲደርስ ይወርድና ጫማውን እንደሚያስር ሰው ያጎነብሳል። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

መጀመሪያ የደረሰው ፋርማሲስቱ ነበር፤ ግን እዚያው ካቴናው ወለቀበት። ወዲያው ኮምፒዩተሯን አቆማት፤ የቆመበት ጊዜ እንዳይቆጠርበት ነው። ካቴናውን እየታገለ ሳለ እናትሽ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ከታች ብቅ አለች። በዚያው ቅጽበት መስታወት ቆራጩ በባዶ እግሩ ከደረጃው ወርዶ መንገዱ መሀል ገባ። ሚስቱን ምጥ ይዟታል። አምቡላንስ ጠርቷል፣ አምቡላንሱም መጥቷል፣ ግን ድልድዩ ጋ ከአጥሩ ወዲያ ቆሟል። የአጥሩን ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ውድድሩን ካስጀመረ በኋላ ማብቂያውን ለማየት በሞተር ብስክሌት ምሽጉ ላይ ወጥቷል።

እናትሽ ፍሬን ያዘች። «በየስንት ደቂቃው ነው የሚመጣው?» አለችው።

«አሁንስ ፋታም የለው፣ ሲስተር።»

ብስክሌቷን እንደ ካፖርት ለእኔ አቀበለችኝና ወደ ፋርማሲስቱ ዞረች። «አንተ፣ ሱቅህ ውረድና ጓንት፣ አልኮል፣ ንጹሕ ፋሻና የእትብት መቆንጠጫ ይዘህልኝ ና።»

«ሲስተር፣ እየመራሁ እኮ ነው» አላት።

«ዳገቱ የትም አይሄድም» አለችውና ደረጃውን ወጣች። እሱም ካቴናውን መልሶ ወረደ፤ በሚወጡት ሰዎች መሀል እየተሹለከለከ።

እኔ በአንድ እጄ ብስክሌት፣ በአንድ እጄ ባል ይዤ ቀረሁ። መስታወት ቆራጩ ልግባ ይላል፣ እናትሽ ከላይ «እዚያው ያዝልኝ» ትላለች። ያንን ድምፅ ታውቂዋለሽ፣ ግድግዳ አያግደውም። መስኮቱ ደግሞ ክፍት ነው። «አትግፊ፣ ተንፍሺ፣ ቀስ… አሁን ግፊ፣ ግፊ፣ በርቺ» ትላለች። መታጠፊያው ላይ የደረሱት ሰዎች ሁሉ ለእነሱ መሰላቸው። «ግፊ» የሚባለው ለሴት መሆኑን ልብ ያለ የለም፤ ዳገት ላይ ማን ሰዋስው ይሰማል። አንገታቸውን ደፍተው ገፉ። የሒሳብ መምህሩ ሊወርድ አንድ እግሩን አንሥቶ ሳለ «በርቺ» የሚለው ደረሰው፤ እግሩን መልሶ ዐይኑን ጨፈነና መታጠፊያውን ሳይወርድ አለፈ። ከዚያ በኋላ እስከ ምሽጉ እያለቀሰ ነው የወጣው ብለውኛል።

ፋርማሲስቱ የዕቃውን ከረጢት በጥርሱ ነክሶ ሲመለስ እኔ ገና አንድ ሙዝ ለመስታወት ቆራጩ ልጬ መስጠቴ ነው። ሰው እንደዚያ ፈጥኖ ዳገት ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ከረጢቱን አቀበለ፣ ደረጃው ላይ ተዘረጋ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ኮምፒዩተሯን አያት። እንዳቆማት ናት። ማስነሣቱን ረስቶታል።

«አይተዋል አይደል፣ ጋሼ?» አለኝ።

«አይቻለሁ።»

«ስንት ደቂቃ ይሆናል?»

«ልጄ፣ እኔ የማውቀው ሶፋ ነው» አልኩት። ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ያን ጊዜ ሕፃኗ ጮኸች። ሴት ናት። መስታወት ቆራጩ ከእጄ አምልጦ ሮጠ፤ ፋርማሲስቱም ሐዘኑን ትቶ አጨበጨበ። የአምቡላንሱ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው በእግራቸው እያለከለኩ ሲደርሱ ሕፃኗ ጡት ጠብታ ተኝታ ነበር፤ ውኃ የተሰጠው ለእነሱ ነው።

እናትሽ እጇን ታጥባ ወረደችና «ብስክሌቴን» አለችኝ።

«አሁን?»

«እኩሌታው ዳገት ይቀረኛል።»

ወጣን። እሷ እየጋለበች፣ እኔ በእግሬ፣ ጎን ለጎን እያወራን። አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም ቀድሜያት ቆሜ ጠበቅኋት። ከኋላችን አጥሩን የሚለቅመው መኪና ይከተለናል፤ ሾፌሩ ጥሩንባ ሊነፋ ሲል ዞር ብላ አየችው። እሱንም አዋልዳው ኖሮ እጁን ሰበሰበ። ምሽጉ በር ላይ ባነሩን ለማውረድ መሰላል ላይ የወጡት ሰዎች ሲያዩዋት መልሰው ሊሰቅሉት ሞከሩ፤ አንደኛው ጫፍ አልነሣ ስላላቸው ጎንበስ ብላ ከሥሩ አለፈች። የክለቡ ሰዎች አንድም አልሄደም፤ ሁሉም ቆመው ጠብቀዋት ነበር።

ሰዉ ሲበተን ግንቡ ላይ ተቀመጥንና ሻይ ቀዳሁላት። ሳትጠጣ ይዛው ቆየች። አየኋት፣ ዐይኗ እንባ ሞልቶታል። ምነው ብላት «ነፋሱ ነው» አለች። የሻዩ እንፋሎት እኮ ቀጥ ብሎ ነበር የሚወጣው።

ቆይታ «የወላዷ እናት ሥራ አላሠራ አለችኝ» አለች። «ዞር በይ ስላት እሺ ትለኛለች፣ ተመልሳ ደግሞ የልጇን እጅ ትይዛለች።»

«አላስወጣሻትም?» አልኳት። ስንቱን አያት ከክፍል ስታባርር የኖረች ሴት ናት እኮ።

«ተውኳት» አለችኝ። ከዚያ ሻይዋን ጠጣች።

ልጄ፣ አንቺ «እዚህ ያሉት ሐኪሞች ጎበዞች ናቸው፣ ቤታችንም ጠባብ ነው፣ እማዬ በዚህ ዕድሜዋ ለእኔ ወሊድ ብላ አትንከራተት» ብለሻል። እናትሽ «ልክ ናት» ብላ ስልኩን አስቀመጠች። እኔም ልክ ነሽ እላለሁ። በዚህ ነገር ትንፍሽ እንዳልል አስጠንቅቃኛለች፤ ስለዚህ ምንም አላልኩም። የጻፍኩልሽ ስለ ብስክሌት ብቻ ነው።

ስለ ብስክሌት አንድ ነገር ቀርቶኛል። ባለፈው ሳምንት እናትሽና ፋርማሲስቱ ስልኩ ላይ አጎንብሰው ያንቺን ከተማ ካርታ ሲያዩ ደረስኩባቸው። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ በርሽ ድረስ መንገዱን አውጥተውታል። ብዙው ሜዳ ነው። ከትምህርት ቤቱ በኋላ ግን ወደ እናንተ ቤት የሚያወጣ አንድ ዳገት አለ፤ አስፋልት ይሁን ጥርብ ድንጋይ ካርታው አያሳይም። ስታየኝ «እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው» አለችኝ። ራሷን ጠይቂያት ብላት «ለምን ላስጨንቃት» ብላ ስልኩን አጠፋችው።

እንግዲህ ደውይላትና ዳገቱ ምን እንደሆነ ንገሪያት። ከዚያ በላይ ባትይም ግድ የለም፤ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ ማውረድ የእኔ ሥራ ነው።

በሰላም ተገላገይ። ትንፋሽ አይጠርሽ፣ ጉልበትሽ አይክዳሽ፣ ያ የሚራገጠውም ጤናውን ይዞ በራሱ ጊዜ ይምጣ። ባልሽን ሳሚልኝ።

አባትሽ