ስለ መሰላሉ ጎማና ስለ ባለቤቴ እግር

ለኢንዱስትሪ ደረጃዎች ብሔራዊ መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ምክትሎችዎ፣ የምክትሎችዎ አማካሪዎችና መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁ እንደተጠበቀ፣ ወንበራችሁም እንደተደላደለ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ከባለቤቴ ቀኝ እግር በስተቀር።

እኔ ቤቴ ውስጥ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ቀለም ቀቢ ነው፤ ይኸውም ከመሰላል እስከወደቀበት ቀን ድረስ። አሁን እግሩ በጄሶ ታስሮ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ጠዋት የኮሌታ ስፌቴን፣ ከሰዓት የሽንኩርት አከታተፌን፣ ሲመሽ ደግሞ አተነፋፈሴን ያርማል። በትዳራችን ዘመን ሁሉ እንዲህ ረጅም ጊዜ አብረን ተቀምጠን ስለማናውቅ፣ ይህን ዕድል ስላመቻቹልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ይሁን እንጂ ደስታው ስለበዛብኝ፣ የሚከተሉትን ነጥቦች በትሕትና ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መሰላሉ። ባለቤቴ የአንድ ጥርስ ሐኪም ቤት ኮርኒስ እየቀባ ሳለ፣ ተጣጣፊው መሰላል እግሮቹን ወዲያና ወዲህ ዘርግቶ ወለሉ ላይ ተኛ። ባለቤቴም አብሮት ተኛ። ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩት ታካሚዎች ጩኸቱ ከሐኪሙ ወንበር የመጣ ስለመሰላቸው፣ ጉንጫቸውን እንደያዙ አንድ በአንድ ሹልክ ብለው ወጡ፤ ሐኪሙም እስከ ዛሬ ከባለቤቴ ጋር እንደተኳረፉ ናቸው። መሥሪያ ቤትዎ ያወጣው የመሰላል ደረጃ፣ እግሮቹ ከሥር ጎማ እንዲለብሱ፣ ሁለቱ ጎኖችም ከልክ በላይ እንዳይከፈቱ ጠንካራ የብረት መያዣ እንዲኖራቸው እንደሚል የተረዳሁት ኋላ ነው። የእኛ መሰላል ጎማ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ መያዣውም ከልብስ መስቀያ ሽቦ ብዙ አይሻልም። ደረጃውን ግን አንብቤ በጣም ወድጄዋለሁ፤ በተለይ ሥዕሎቹ ግሩም ናቸው። በሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ ፈጽሞ አይወድቅም።

ባለቤቴ ጄሶ ተደርጎለት፣ የታክሲ ሾፌሩ ደግፎ ሲያስገባው ይስቅ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ይህ ሰው ስንጥር ሲወጋው ሰፈር የሚያስነሣ ሰው ነው። እኔን ላለማስደንገጥ ሲል ሲስቅ ባየሁት ጊዜ ነው ጉዳቱ ከባድ መሆኑ የገባኝ። ያን ቀን በጣም ፈራሁ፤ ፍርሃቱም እስከ አሁን አለቀቀኝም። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን፣ ቀጥሎ ያለው ቀልድ እንዳያታልልዎ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ፈቃደኝነት። አቤቱታዬን ይዤ መሥሪያ ቤትዎ ስመጣ የተቀበሉኝ ባለሙያ እጅግ ጨዋ ሰው ናቸው። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ ስለ ባለቤቴ እግር ጠይቀው ከልብ አዘኑ። ከዚያም ደረጃው የሚተገበረው በፈቃደኝነት መሆኑን፣ አምራቹ ካልፈለገ ማስገደድ እንደማይቻል፣ መሥሪያ ቤቱም የሚያበረታታ እንጂ የሚቆጣጠር እንዳልሆነ ረጋ ብለው አስረዱኝ። አምራቹን አበረታታችሁት ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ እንዴታ፣ የምስክር ወረቀት ሁሉ ሰጥተነዋል አሉኝ። የምስክር ወረቀቱ የተሰጠው ለመሰላሉ ሳይሆን፣ ሰውዬው ደረጃውን ባረቀቀው ኮሚቴ ውስጥ ላሳየው ንቁ ተሳትፎ ነው። ጆሮዬን ማመን ስላቃተኝ ደግመው እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው፤ ደገሙልኝ።

እንግዲያው መጥታችሁ መሰላሉን መርምሩልኝ ስላቸው ደግሞ፣ ምርመራ የሚካሄደው አምራቹ ራሱ ሲጠይቅ ብቻ እንደሆነ ገለጹልኝ። እኔ እንኳ፣ ደንበኛዬ ሱሪው ጠበበኝ ብሎ ሲመጣ፣ ሱሪው ራሱ ለኪኝ ካላለኝ በቀር ሜትሬን አላነሣም ብለው ምን ይለኝ እንደነበር አስቤ ሳቄ መጣ። ባለሙያው ሕመም መስሏቸው ውኃ አመጡልኝ። ውኃው በጣም ጥሩ ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ ቅሬታ ይሁን ምስጋና ለእኔም አልለየልኝም። መሰላሉን የሠራው ብየዳ ቤት ያለው ጎረቤታችን ነው፤ ከእኛ አጥር ቀጥሎ ይኖራል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ባለቤቴን ሊጠይቅ የመጀመሪያው የመጣው እሱ ነው። እጁ ያረቀቀውን እጁ ለምን እንደማይሠራ ብጠይቀው፣ «እህቴ፣ ኮሚቴው ላይ የተወያየነው ስለ መሰላል እንጂ ስለ እኔ መሰላል አይደለም» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጎማና ጠንካራ መያዣ ቢጨምር እነዚያን ከማይጨምሩት ጋር ገበያ ላይ መቆም እንደማይችል፣ ሁሉም ይሥራ ቢባል ግን የመጀመሪያው እሱ እንደሚሆን ነገረኝ። አላናደደኝም ብል ውሸት ነው፤ የተናገረው እውነት መሆኑ ግን የባሰ አናደደኝ።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ባዶ እጁን አልነበረም፤ ለባለቤቴ ማጽናኛ እንዲሆነው አዲስ መሰላል ተሸክሞ መጣ፤ ከራሱ ብየዳ ቤት፣ እንደ ሁልጊዜው አረንጓዴ የተቀባ፣ እንደ ሁልጊዜው ጎማ የሌለው። ባለቤቴ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም አመስግኜ ተቀበልኩ፤ ምን ላድርግ? የታመመ ሊጠይቅ የመጣን ጎረቤት ስጦታህን ይዘህ ውጣ የሚል አፍ የለኝም። መሰላሉ አሁን ከበሩ ጀርባ ቆሟል፤ እኔም ባለቤቴ እንዳያየው ብዬ የታጠበ ልብስ አሰጣበታለሁ። እሱ ግን በየቀኑ ልብሱን አንሺልኝ ይለኛል፤ ጄሶው እንደተፈታ በዚያው መሰላል ሥራ ሊጀምር ነው። ጎማ አስገባበት በለው ስለው፣ የሰው ስጦታ እንዴት ይነቀፋል ብሎ ይቆጣኛል።

እንግዲህ ያለንበትን ይመልከቱልኝ። መሥሪያ ቤትዎ አምራቹን ማስቀየም አይፈልግም። አምራቹ ገበያውን ማስቀየም አይፈልግም። ባለቤቴ አምራቹን፣ እኔ ባለቤቴን ማስቀየም አንፈልግም። በዚህ ሁሉ መከባበር መካከል ፈቃዱን ያልተጠየቀ ሰው ቢኖር የወደቀው ብቻ ነው። ግዴታ ቢሆን ኖሮ እኮ፣ እኔም ይሉኝታ ሳይዘኝ «ጎረቤቴ ሆይ፣ ሕግ ነውና ጎማውን አድርግበት» ባልኩት፣ እሱም ደስ እያለው ባደረገው ነበር። ደረጃውን ግዴታ ስለማድረግ መሥሪያ ቤትዎ ለሚያካሂደው ጥናት፣ ለጥናቱ ለሚቋቋመው ኮሚቴና ለኮሚቴው ለሚዘጋጀው የምስክር ወረቀት ከወዲሁ እንኳን ደስ ያላችሁ እላለሁ።

ጊዜዎን በማጥፋቴ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ የሚቆሙበት ሁሉ የጸና፣ የሚይዙት ሁሉ የጠበቀ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

በመርፌና በክር የምትተዳደር፣
የቀለም ቀቢው ሚስትና ለጊዜው ቀኝ እግሩ

በድጋሚ፦ ያን ቀን ከባለሙያው ቢሮ ስወጣ፣ የጥበቃ ሠራተኛዎ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ጭኖ፣ ወንበሩ ላይ ቆሞ የመተላለፊያውን አምፖል ሲቀይር አገኘሁት። ጥጉ ላይ የጎረቤቴ ሥራ የሆነ አረንጓዴ መሰላል ተጣጥፎ ስላየሁ፣ ለምን በእሱ እንደማይወጣ ጠየቅሁት። «እትዬ፣ በእሱማ ክልክል ነው፤ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ከወደቀች ወዲህ ዋና ዳይሬክተሩ ራሳቸው ከልክለዋል፤ የወጣ ይቀጣል» አለኝ። ለሠራተኞችዎ ያለዎት አሳቢነት ልቤን ነክቶታል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፦ ደመወዝ አንጠይቅም፤ ጄሶው ከመፈታቱ በፊት ባለቤቴን ከሠራተኞችዎ እንደ አንዱ ይቁጠሩልኝ።