ኩብራን የወሰዷት ሰሞን

ለወንድም ጋሼ ለአብዱልሀሚድ፤

የአላህ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? የአሰብ ሙቀት ዘንድሮ እንዴት አደረገህ? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጆንያ ስታነሳ ይይዝሃል? አፊፋስ፣ ልጆቹስ እንደምን ናቸው? እናታችንም እኔም በሕይወት አለን፣ አልሐምዱሊላህ። ደኅና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም።

ስለ ሴቶቹ ማኅበር ነግሬህ ነበር፤ ከጉሮሯችን እየነጠቅን አዋጥተን፣ በተራ እየተበደርን ሽንኩርትና በርበሬ የምንቸረችርበት። ሰብሳቢያችን ጎረቤታችን ኩብራ ናት። ከአንኮበር የምትወርደው የጤና ረዳት ወለተሐናም በስብሰባችን ቀን እየመጣች፣ ውኃ አፍልተን እንድንጠጣ፣ ያስቀመጠውን ሰው ጨውና ስኳር በጥብጠን እንድናጠጣ ታስተምረን ነበር።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲቀር የቆላው ሰው ከነከብቱ ወደ ምንጫችን ወጣ። ወዲያው ማስመለስና ማስቀመጥ ገባ። ጠዋት ደኅና የነበረ ሰው ሲመሽ ዓይኑ ጎድጉዶ ይገኛል። ወለተሐና «ከዚህ ምንጭ እንዳትቀዱ» እያለች ቤት ለቤት ዞረች። ብዙም ሳትቆይ ለስብሰባ ትፈለጊያለሽ ተብላ ደብረ ብርሃን ሄደች፤ እስከ ዛሬ ወሬዋ የለም።

ያን ጊዜ የብድሩ ተራ የእኔ ነበር። ሽንኩርቱ ይቅርብኝ አልኩና በገንዘቡ ስኳር ልንገዛ ከኩብራ ጋር ቀበሌ ሱቅ ሄድን። ሊቀመንበሩ ፈረጅ ከለከለን። «በእኔ ቀበሌ በሽታ የለም» አለ። «ለአሥረኛው የአብዮት በዓል እንግዳ ይመጣል። በሽታ አለ የምትል ሴት ወሬዋን ለአብዮት ጠባቂ ትንገር።» ስኳሩን ከነጋዴ በውድ ገዛን። ጥጥ ልንፈትል ነው እያልን እየተሰበሰብን ለበሽተኛ አደረስን።

ከዚያ የፈረጅ ሚስት ታመመች። አንዳንዶቻችን «በሽታ የለም ብሎ የለ? እንግዲህ ይቻለው» አልን። ኩብራ ግን «እሷ ምን አደረገች?» ብላ ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። በማንኪያ በማንኪያ ስናጠጣት ውለን፣ ሴትዮዋ ዓይኗን ገለጠች። በሩን ይዞ ሲያየን የዋለው ፈረጅ «ለመሆኑ ማነው የሚሰበስባችሁ?» አለ፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር። ኩብራም «እኔ» አለችው። «አላህ ይስጥሽ» አላት።

በማግስቱ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ወሰዷት። ሻሿን እንኳ በወጉ አላሰረችም።

ከዚያ ወዲህ መንደሩ ጭጭ ብሏል። ሰው ሰላምታውም በግማሽ አፉ ነው። የምንጩን ድንጋይ ለበዓሉ ኖራ ቀብተውታል፤ ሰዉም ነጭ ሲያይ የነጻ መስሎት ይቀዳል። ቀብር አላባራም።

ትናንት እንዝርታችንን ይዘን ተሰበሰብን። ኩብራን ማን ይተካ ሲባል ሁሉም አንገቷን ደፋች። እኔ እሺ አልኩ። እናታችን አልሰማችም።

ወንድም ጋሼ፣ መልስ ስትጽፍ ስለ ማኅበሩም ስለ በሽታውም አንዲት ቃል አታንሳ፤ ደብዳቤ ቀበሌ ሳይከፈት አይደርሰንም። ይህችን ደብዳቤ የጨው መኪና የሚነዳው ሰላሀዲን በእጁ ይሰጥሃል፤ አንብበህ አቃጥላት። ድምፄ ከጠፋ መጥተህ እናታችንን ውሰዳት። ስለ እኔ ግን ቀበሌ ሄደህ እንዳትጠይቅ።

አፊፋን እቅፍ አድርጌ ስሜያታለሁ በልልኝ። የእናቷን ጉልበት ሳምልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ሳምልኝ። እናታችን ዱዓዬ ከላይህ አይለይ ብላሃለች።

እህትህ መሊካ
ከአልዩ አምባ በታች፣ ነሐሴ 26 ቀን 1976 ዓ.ም.